ብሎን ያስያዙኝ ሰው

ጋሽ ሸምሱ የሞቱት ማክሰኞ ነው፤ እኔ የሰማሁት ሐሙስ። የነገረችኝ ነገሌ የቀረች አብሮ አደጌ ስትሆን፣ የደወለችልኝም ለዚህ ብላ አልነበረም። ልጇ ለትምህርት ሐዋሳ ሊመጣ ነውና እኔ ባለሁበት አካባቢ ማደሪያ እንድፈልግለት ነበር። ስለ ልጁ አመል፣ ስለ ሰፈራችን ብዙ አውርተን ልንሰነባበት ስንል፣ «ውይ፣ ረስቼው! ጋሽ ሸምሱ እኮ አረፉ» አለችኝ። የማላስታውሳቸው መስሏት ቶሎ ጨመረችበት፦ «የስፌት መኪና ሠሪው። ያ የመንግሥት ኮምፒዩተር ያበላሹት ሰውዬ።»

አንድ ከተማ ሰውን ባላጠፋው ጥፋት ስንት ዓመት ይጠራዋል? ኮምፒዩተሩን እንዳላበላሹት ደግሞ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። በማግስቱ የነገሌን መኪና ተሳፈርኩ።

ለማያውቋቸው ልንገር። ጋሽ ሸምሱ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር ከአጎታቸው ጋር ለንግድ መጥተው ነገሌ የቀሩ ሰው ነበሩ። ንግዱ አልሆነላቸውም። «ጨርቅ ልሸጥ ልብስ ሰፊ ቤት እገባለሁ፤ ጨርቁን ረስቼ የስፌት መኪናውን ስፈታ ይመሻል» እያሉ በራሳቸው ይስቁ ነበር። በመጨረሻ አጎትየው ተስፋ ቆርጠው ተዉአቸው። እሳቸውም ከገበያው ዳር፣ ልብስ ሰፊዎቹ ከሚደረደሩበት በረንዳ ጫፍ፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ከፍተው ጥገና ጀመሩ። የስፌት መኪና፣ ሬዲዮ፣ የማሾ ፋኖስ፣ ከከተማው ጦር ሰፈር የሚመጣ ቴፕ፣ ያልነኩት ዕቃ አልነበረም።

አጭር ናቸው። መነጽራቸው አንድ እግሩ ተሰብሮ በላስቲክ ከጆሯቸው ጋር የታሰረ ነው። የተበላሸ ዕቃ ሲመጣላቸው ከመፍታታቸው በፊት ያዳምጡታል። የካቻቢቴውን ጫፍ ዕቃው ላይ ያሳርፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው ይቆያሉ። በዚያ ሰዓት ያናገራቸው ሰው መልስ አያገኝም። «ሐኪም እንኳ ሳያዳምጥ አይወጋም» ይላሉ ሲጨርሱ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ብሎን የማስያዝ ደንባቸው ነበር። ባለቤቱ ከሌለ ዕቃ አይከፍቱም። ባለቤቱን በርጩማ ላይ ያስቀምጡና «መዳፍዎን ይዘርጉ» ይሉታል። ከዚያ የሚፈቱትን ብሎን አንድ በአንድ መዳፉ ላይ ያኖራሉ፤ ሲገጥሙም ከዚያው መዳፍ እያነሱ ነው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የተበላሸውን ነገር፣ የተቃጠለ ሽቦም ይሁን የተሰበረ መርፌ፣ በሲጋራ ወረቀት ጠቅልለው ለባለቤቱ ይሰጣሉ። «ይኸው በሽታዎ፤ ይዘውት ይሂዱ።»

አንድ ጊዜ ከገጠር የመጡ አንድ ጉጂ ሽማግሌ ሬዲዮአቸውን ሲያሠሩ ደረስኩ። ሁለት መዳፋቸው በብሎን ተይዟል። በበረንዳው የሚያልፈው ዘመድ ሁሉ «አካም አባ፣ ናጋ?» እያለ እጁን ይዘረጋል። እሳቸው «ናጋ፣ ናጋ» ይላሉ፤ የሚዘረጉት ግን ክርናቸውን ነው። አንዱ በግድ እጃቸውን ሊጨብጥ ቢሞክር፣ «ተው አንተ፣ የሬዲዮዬ ነፍስ እጄ ላይ ነው!» ብለው ጮኹበት። ልብስ ሰፊዎቹ ከሳቅ የተነሳ ፔዳል መርገጥ አቃታቸው።

ደንቡ ግን ከቀልድ የመጣ አልነበረም። እኔ ሳልወለድ ነው አሉ፣ አንዲት የወታደር ሚስት «የባሌን ሬዲዮ ደህናውን ዕቃ አውጥተህ አሮጌ ከተትክበት» ብላ ከሰሰቻቸው። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ጋሽ ሸምሱ ቁርዓን ይዘው ማሉ፣ ነጻም ወጡ። ሴትዮዋ ግን በመንገድ ባየቻቸው ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። «መሐላ ከሽማግሌ ያላቅቃል እንጂ ከሰው ዓይን አያላቅቅም» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ሰው ብሎን ማስያዝ ጀመሩ። ወላሂ ሲሉም ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ ልምጣ። ዘመኑ የደርግ መገባደጃ ነበር። እኔ በአንድ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ፕሮጀክት ጸሐፊ ነበርኩ። ከውጭ በእርዳታ የተገኘ አንድ ኮምፒዩተር ለቢሮአችን ሲደርሰው አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ወር ተማርኩ። ስመለስ መሬት አልበቃኝም። በከተማው ኮምፒዩተር የምትነካ ሴት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ስለማምን አረማመዴ ሁሉ ተቀይሮ ነበር፤ እናቴ «ምን ነው ልጄ፣ ጫማሽ ጠበበሽ?» ብላኛለች።

ኮምፒዩተሩ ለብቻው ክፍል ተሰጠው። መስኮቱ አይከፈትም። የሚገባ ሰው ሁሉ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። የነገሌ ቀይ አቧራ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይስቅብንም። እኔ ደግሞ ይህ አልበቃ ብሎኝ ዳንቴል ሠራሁለት። ሬዲዮ ባዶውን በማይቀመጥበት አገር ይህን የመሰለ ዕቃ ራቁቱን እንዴት ይደር? ውኃ ሰማያዊ ክር ገዝቼ፣ ዙሪያውን ረጅም ዘርፍ አውጥቼ፣ ከአናቱ እስከ ጀርባው አለበስኩት። አለቃችን ጓድ ታምራት ሲያየው «የሕዝብ ንብረት እንዲህ ነው የሚከበረው!» ብሎ አሞገሰኝ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም እያስገባ ያሳይ ነበር። ስሠራ የፊቱን እገልጠዋለሁ፤ የጀርባው እንደተጋረደ ይውላል።

አንድ ሰኞ ጄኔሬተሩ ተነስቶ ኮምፒዩተሩን ሳበራው ጮኸ። መጀመሪያ አንጎራጎረ፣ ከዚያ ድንጋዩ እንደደረቀ ወፍጮ ይንገጫገጭ ጀመር። ጓድ ታምራት ከቢሮው እየሮጠ መጣ፤ ጫማውን እንኳ ያወለቀው አንዱን ብቻ ነው። «አጥፊው! አጥፊው!» አጠፋሁት። የጉድጓዶቹ ሪፖርት ለቅዳሜ ይፈለግ ነበር፤ ሪፖርቱ ያለው ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው። ጓድ ታምራት ሁላችንንም ኮሪደር ላይ ሰበሰበና፣ «ይህ አሻጥር ከሆነ አጥፊው ተጣርቶ እርምጃ ይወሰድበታል» አለ።

በዚያን ዘመን አሻጥር የምትለዋ ቃል ሰው ታስበላ ነበር። አባቴ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው ከቆመ ወራት አልፈዋል። እናቴና ሦስት ታናናሾቼ የሚኖሩት በእኔ ደመወዝ ነው።

አዲስ አበባ ቢላክ ለቅዳሜ አይደርስም። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ፈራ ተባ እያለ «ጋሽ ሸምሱ ቢያዩት» አለ። ጓድ ታምራት ሳቀ። ሌላ መላ ሲጠፋ ግን አስጠራቸው።

ጋሽ ሸምሱ ማንም ሳይነግራቸው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። የቀኝ ካልሲያቸው ተቀዶ አውራ ጣታቸው ወጥቷል፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም። «አብሪው ልጄ» አሉኝ። አበራሁት። ካቻቢቴያቸውን ከላይ፣ ከጎን፣ ከኋላ እያሳረፉ አዳመጡና «አጥፊው» አሉ። «አንጎሉ ደህና ነው። የሚጮኸው ከኋላ ያለው ማራገቢያ ነው፤ ኤሌክትሪኩን የሚቀበለው ሳጥን ውስጥ ያለው። ማራገቢያው ቢቆም ሳጥኑ ይግላል፣ ከዚያ ሌላውን ይዞት ይሄዳል። ዕቃው የማን ነው?»

«የመንግሥት ነዋ!» አለ ጓድ ታምራት።

«መንግሥት መዳፍ የለውም፣ ጓድ። ብሎን የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል። እርስዎ ይያዙ።»

ጓድ ታምራት ወደ ኋላ ሸሸት አለ። «እኔ ስብሰባ አለብኝ። አዳነች ትያዝ» አለና ወደ እኔ ጠቁሞ ደጃፍ ላይ ቆመ።

ገመዱን ነቀሉትና አልከፈቱትም። በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ተቀመጥኩ። «ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ኮንደንሰር አለ» አሉኝ። «ከተነቀለም በኋላ ቂም ይዞ ይቆያል። ቂመኛ ሰው ቤት ዘለሽ አትገቢም አይደል? እስኪበርድለት ደጅ ትጠብቂያለሽ።» እስኪበርድለት ድረስ ስለ አባቴ ጠየቁኝ። ደብዳቤ እንደቆመ ስነግራቸው አይዞሽ አላሉኝም፤ «የመጨረሻው ደብዳቤ ላይ ምን ይላል?» ብለው እስክጨርስ ሰሙኝ።

የሳጥኑ አንዱ ብሎን ላይ የፋብሪካ ማሸጊያ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። ጋሽ ሸምሱ ቀና ብለው፣ «ጓድ፣ ይህ ወረቀት ካልተቀደደ አይከፈትም። ልቅደደው?» አሉ። «ቅደደው፣ ቅደደው፣ ብቻ ዝም አሰኝልኝ!» አለ ጓድ ታምራት። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወደ ስብሰባው ሄደ።

ብሎኖቹ አንድ በአንድ መዳፌ ላይ አረፉ። አንደኛው ጥርሱ የተበላ ነበር፤ «ይህ ከፋብሪካው ሲመጣም ታማሚ ነው፤ ከእኔ ሣጥን እተካለታለሁ» አሉና እሱንም መዳፌ ላይ አኖሩት። ማራገቢያውን አወጡት። እንዝርቱ ላይ፣ አቧራና ጥቀርሻ ለብሶ፣ አንድ ነገር ተጠምጥሟል። ጫፉን በወረንጦ ይዘው ሲስቡት መጣ፣ መጣ፣ አሁንም መጣ። ክር ነው። ጫፍና ጫፉ ጠቁሯል፤ መሐሉ ግን ውኃ ሰማያዊ ነው።

ጋሽ ሸምሱ ክሩን አዩ። ወንበሩ ላይ የተጣጠፈውን ዳንቴል አዩ። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ከዘርፉ አንዷ ክር ተፈትታ፣ ማሽኑ በቆመበት ሰዓት ጀርባው ላይ ባለው የአየር ወንፊት ቀዳዳ ገብታ፣ ማራገቢያው ሲነሳ ጠቅልሏት ኖሯል። ዳንቴሉን ልሸሽግ ስነሳ ብሎኖቹ መዳፌ ላይ ተንከባለሉ።

«ብሎኑን አጥብቀሽ ያዢ» አሉኝ።

ማራገቢያውን በቀለም ብሩሽ ጠረጉት። መሐሉ ላይ ያለችውን ወረቀት ልጠው አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ ጠብ አደረጉበት፤ «ሁለተኛ ጠብታ አቧራ መጥሪያ ናት» እያሉ። ብሎኖቹን ከመዳፌ እያነሱ ገጠሙ። በመጨረሻ ክሩንና ያቺን ጥርሰ ቢስ ብሎን በሲጋራ ወረቀት ጠቀለሉና እጄ ላይ ጨበጡልኝ። «ይኸው በሽታው» የሚለውን የዘወትር ቃላቸውን ግን አልተናገሩም።

ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ድምፁ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ጓድ ታምራት ገብቶ አዳመጠና ፊቱ በራ። «ምን ነበር?»

«ትንፋሽ አጥሮት ነው» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «በጀርባው ነው የሚተነፍሰው፤ ጀርባውን ምንም አታልብሱት።»

«አጥፊው ማን ነው?»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ያየሁት በንቀት የተበላሸ ዕቃ ነው፣ ጓድ። በአክብሮት የተበላሸ ዛሬ ገና አየሁ።» ጓድ ታምራት ሪፖርቱ ስለዳነለት ሳቀና አለፈው። እኔ ዳንቴሉን ቤት ወስጄ እናቴ ሣጥን ግርጌ ቀበርኩት።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ጋሽ ሸምሱን በፈገግታ ነበር የማነሳቸው። አላለቀም። ከወራት በኋላ ጄኔሬተሩ አንድ ቀን ኃይል ሲያበዛ ኮምፒዩተሩ ጭራሽ ጠፋ። ከአዲስ አበባ የመጣው ቴክኒሺያን ሳጥኑን ገልብጦ ሲያይ ማሸጊያ ወረቀቱ ተቀዷል፤ ከብሎኖቹም አንዱ የስፌት መኪና ብሎን ነው። «ይህን ማን ከፈተው? ብሎን የለወጠ ሰው ሌላስ ምን ለወጠ?» አለ።

ጓድ ታምራት ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ አላዘዝኩም» አለ። «ከእኔ ፈቃድ ውጭ የተከፈተ ነው።»

እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። ቅደደው ሲል ሰምቻለሁ። ብሎኑ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ክሩም አብሮት። አፌን ብከፍት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ግን ክሩ የኔ ነው። ፈራሁ። ፈራሁ እንጂ ሌላ ስም የለውም።

ጋሽ ሸምሱን ቀበሌ ወሰዷቸው። ያ አንድ ጊዜ ከሽማግሌ ፊት በመሐላ የተላቀቁበት ክስ በስተርጅና ዞሮ መጣባቸው፦ ደህናውን ዕቃ አወጣህ፣ አሮጌ ከተትክ። ሦስት ቀን አቆዩአቸው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ እየሄደ ይጠይቃቸዋል፤ «አልወሰድኩም ብቻ ነው የሚሉት። ማን እንዳዘዘዎት ይናገሩ፣ ማን አብሮ እንደነበረ ይናገሩ ቢሏቸው አይናገሩም» አለኝ። እኔ በየቀኑ ያንን የሲጋራ ወረቀት ጥቅል ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ወደ ቀበሌ እነሳለሁ፤ መንገዱ አጋማሽ ላይ ያለው ወፍጮ ቤት ጋ ስደርስ እመለሳለሁ።

በሦስተኛው ቀን ወፍጮ ቤቱን አለፍኩ። ወረቀቱን ከቦርሳ አውጥቼ በእጄ ጨብጬ ነበር። ከቀበሌው በር ሳልደርስ ጋሽ ሸምሱ ከፊት ለፊቴ መጡ። የገበያው ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን አቁመው በሙሉ ሄደው ዋስ ሆነዋቸው ለቀዋቸዋል። ጺማቸው አድጓል፤ መነጽራቸው ላስቲኩ ተበጥሶ በእጃቸው ይዘውታል።

«ጋሽ ሸምሱ...» አልኩ።

እጄን አዩት። ወረቀቱን ያላወቁት አይመስለኝም፤ የጠቀለሉት እሳቸው ናቸው። «አባትሽ ደብዳቤ ላከ?» አሉኝ።

«አልላከም።»

«ይልካል አልልሽም። እናትሽን ሰላም በይልኝ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ግን ተከትዬ አልሄድኩም፣ ወደ ቀበሌውም አልገባሁም። ተፈተዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

እሳቸው ቢፈቱም ስማቸው አልተፈታም። ጦር ሰፈሩ ሬዲዮ መላክ አቆመ። ሰው ሱቃቸው ሲመጣ «የመንግሥቱን እንዳበላሹት እንዳያበላሹብኝ!» እያለ ይቀልዳል። እሳቸውም ይስቁና «መዳፍዎን ይዘርጉ» ይላሉ። ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ተለወጠ፣ ፕሮጀክቱ ተዘጋ፣ እኔም ቤተሰቤን ይዤ ነገሌን ለቀቅሁ። ወረቀቱ ግን ከቤት ቤት አብሮኝ ሲዞር ኖረ።

ለቅሶ ቤት የደረስኩት ቅዳሜ ነው። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ከፊሉ በኦሮምኛ ከፊሉ በአማርኛ ሟችን ያነሳሳል። ያን የክርን ሰላምታ ሳይቀር አንስተው ሳቁ፤ ደግ ሳቅ ነው። አንድ ሸምገል ያለ ልብስ ሰፊ «እጃቸው የማያድነው ዕቃ አልነበረም፤ ያ ኮምፒዩተር ብቻ አሸነፋቸው እንጂ» አለ። ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ ፈገግ አለ። የጋሽ ሸምሱ ልጅ ዘይነባ አቀርቅራለች።

«አላሸነፋቸውም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ፤ ሁሉም ዞረ። ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ። ስለ ዳንቴሉ፣ ስለ ክሩ፣ ቅደደው ስለተባለው ወረቀት፣ ጫማዬን ይዤ ዝም ስላልኩበት ቀን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ስጨርስ ያንን የሲጋራ ወረቀት ምንጣፉ ላይ ፈታሁት። ክሩ አሁንም መሐሉ ውኃ ሰማያዊ ነው።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝም እወድ ነበር። ዘይነባ ከተቀመጠችበት ተነስታ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች፤ ብሎኗን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«አባባ ሰው በዚህ ነገር ሲቀልድባቸው ይስቁና፣ ሰዉ ሲሄድ ለብቻቸው የሚሏት ነገር ነበረች» አለች። «“ብሎኑ አልጠፋም፤ ሰው እጅ ላይ ነው” ይላሉ። በታመሙም ጊዜ ብለዋታል። እኛ ትኩሳቱ ነው የሚያናግራቸው ብለን...»

መዳፏን ዘረጋችልኝ። ብሎኗን አንስቼ መዳፏ ላይ አኖርኳት፤ ዘይነባም አጥብቃ ያዘቻት።